እናቴን ይዤ ሮም ልሄድ ነው፤ በሦስት ቀን ምን ምን ላሳያት?

ጥያቄ፦ የፍራንክፈርቷ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ጀርመን እኔ ጋ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ «ጴጥሮስና ጳውሎስ የተሰዉበትን አገር ባየሁ» ስትል ነው የማውቃት፤ አሁን የአውሮፕላን ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሐሙስ ማታ ገብተን ሰኞ ጠዋት እንወጣለን። ወሩ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው፤ እሑዱ ደግሞ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን ይከብዳታል፤ ብዙ መቆምም አትችልም። እኔ የያዝኩት ዝርዝር ኮሎሲየም፣ የሮማውያን ፎረም፣ ፓንቴዮን፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃዎች፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካና የቫቲካን ሙዚየም ነው። ይበዛባታል መሰለኝ። የቱን ልተው? ትኬት ከአሁኑ ልግዛ ወይስ እዚያው ይገኛል? የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታም ማየት ትፈልጋለች፤ የት አካባቢ ነው? አርብ ደግሞ ትጾማለች፤ ምን ይበላል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ተባረኩ።

መልስ፦ ኑሮ በሮም

እንኳን እናትሽን አገኘሽ እህቴ። እዚህ ከተማ ስለምኖር እንግዳ ሲመጣብኝ የማደርገውን ልንገርሽ።

የኮሎሲየምን ትኬት ከአሁኑ ግዢ። የኮሎሲየም አርኪኦሎጂ ፓርክ የራሱ ድረ ገጽ አለው፤ ከሱ ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ነጋዴዎች ናቸው፣ ዋጋ ይጨምራሉ። ትኬቱ የሚለቀቀው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ሰዓት ቶሎ ያልቃል። መደበኛው 18 ዩሮ ነው፤ ፎረምን (የጥንቱን የከተማ አደባባይ ፍርስራሽ) እና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል። ትኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው፤ በር ላይ መታወቂያ ያያሉ። የእናትሽን ስም ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፊ። የእኛ ሰው የአያት ስም ሲዘል ወይም የአባትን ስም አስቀድሞ ሲሞላ እዚያ በር ላይ ጭቅጭቅ ይፈጠራል።

አርብ ጠዋት የመጀመሪያውን ሰዓት ያዢ። በእኛ አቆጣጠር 2፡30 ላይ ይከፈታል። ውስጥ ሊፍት አለ፤ ሠራተኞቹን «እናቴ ጉልበቷን ያማታል» ብለሽ ጠይቂ፣ ያሳዩሻል። የድንጋዩ ደረጃ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ እሱን እንዳትሞክሩት።

ግንቡን ከውጭ ስታዩ በየቦታው የተቦረቦረ ቀዳዳ አለ። ብዙ ሰው የጥይት ይመስለዋል። ድንጋዮቹን አያይዞ የነበረው ብረት በመካከለኛው ዘመን እየተነቀለ ሲወሰድ የቀረ ነው። በአንድ ወገን ያ ረጅሙ ግድግዳ የለም፤ በፈረንጆቹ 1349 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ዋለ።

ፎረሙን ግን ሙሉውን አትዙሩ። ጥንታዊው መንገድ በትላልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ወጣ ገባ ስለሆነ ለጤነኛ እግርም አይመችም። ከካፒቶሊዮ ኮረብታ ጀርባ ካለው ሰገነት ሙሉው ፎረም በነጻ ይታያል። በታክሲ ውጡ፣ እዚያ ቆማችሁ እዩ፣ ተመለሱ።

መልስ፦ የሰንበት ተማሪ

ከፎረሙ አንድ ነገር ብቻ እንዳይቀርባችሁ እለምንሻለሁ፤ የቲቶ ቅስት። ከኮሎሲየም በኩል ያለው ጫፍ ላይ ስለሆነ ሩቅ አያስኬድም።

በቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ወታደሮች ባለ ሰባት ቅርንጫፉን መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። በፈረንጆቹ 70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትጠፋ ከቤተ መቅደሱ የተዘረፈው ነው። መለከቶቹም፣ የኅብስተ ገጹ ገበታም አሉ። «ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም» የሚለውን ወንጌል ሲሰሙ ለኖሩ እናት ይህን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ኮሎሲየምም ራሱ በጦርነት ምርኮ ገንዘብ እንደተሠራ የሚጠቁም የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ግንባታውን ያስጀመረው ቬስፓስያን፣ በ80 ዓ.ም. የመረቀው ልጁ ቲቶ ነው፤ ያንን የአይሁድ ጦርነት የመሩትም እነዚሁ አባትና ልጅ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ስታዩ ታሪኩ ይገጥምላችኋል።

መልስ፦ ቆጣቢው

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እኮ ኮሎሲየምም ፓንቴዮንም ነጻ ናቸው! ለምን 36 ዩሮ ታወጣለች? እሑድ ያድርጉት።

መልስ፦ ኑሮ በሮም

ወንድሜ፣ ለአንተና ለእኔ ልክ ነህ። ለ68 ዓመት እናት ግን አይሆንም። ነጻ በሆነበት ቀን ሰልፉ ሌላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ አለ። ብሩ ይውጣ፣ ጉልበታቸው ይትረፍ።

መልስ፦ ታሪክ ወዳድ

ስለ ሐውልቱ እኔ ልመልስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቦታው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ይባላል። ከኮሎሲየም በሜትሮ ቢ መስመር አንድ ፌርማታ ነው፤ ቺርኮ ማሲሞ ላይ ትወርዳላችሁ፣ ስትወጡ እዚያው ናችሁ። ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ነጭ ሕንጻ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። ሲጀመር ግን የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐውልቱን እዚያ ያቆሙትም ለዚህ ነው።

አክሱም ላይ ወድቆ ተሰባብሮ የነበረውን ሐውልት የሙሶሊኒ መንግሥት በ1937 ወስዶ አቆመው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ ነው። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ስምምነት የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተፈራርማ ነበር። 18 ወሩ ግን ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። በ2002 መብረቅ መታው፣ በሚቀጥለው ዓመት ተነቀለ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ። እንደገና የቆመው በእኛ ሚሊኒየም ዓመት ማብቂያ፣ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው።

አሁን ቦታው ላይ ስለ እሱ የሚናገር ብዙ ነገር አትጠብቁ። ሁለት ጥንታዊ አምዶች ቆመዋል፤ እነሱ በኒውዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። መኪና ይበዛል። ቢሆንም እኔ እዚያ ቆሜ ባዶውን ቦታ ሳይ ከኮሎሲየም የበለጠ ተሰምቶኛል። እናትሽም ደስ ይላቸዋል።

ሁለተኛ ቦታ ልጨምርልሽ፤ አብዛኛው ሐበሻ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አያየውም። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ወደ ሪፐብሊክ አደባባይ ስትሄዱ በመንገዱ ዳር ባለች አትክልት ቦታ ትንሽ የግብፅ ኦቤሊስክ አለ። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ነው። የጣቢያው ፊት ለፊት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለውም በነሱ ነው። ለገሃር ያለው የሞዓ አንበሳ ሐውልት በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የተቀመጠው ከዚህ ኦቤሊስክ ስር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 አንበሳውን እዚያ ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት የመጡትን በሰይፍ ገጠማቸው። በ1945 እስር ላይ እንዳለ ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ አገሩ ገባ። ለእናትሽ እዚያው ቆማችሁ ተርኪላቸው፤ ለገሃርን ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይሄ ታሪክ ቅርብ ነው።

መልስ፦ መንገደኛው

የስፔን ደረጃዎችን ተዪው። ደረጃ ነው እኮ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ከታች አይተው ይለፉ። በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ እዚያ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። ደክሟቸው አረፍ ሲሉ ፖሊስ መጥቶ እንዳያስደነግጣቸው።

ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ። ሜትሮ ላይ፣ ተርሚኒና 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ አለ።

መልስ፦ የሰንበት ተማሪ

ቅዱስ ጴጥሮስን ቅዳሜ በማለዳ አድርጉት። 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰልፉ የፍተሻ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላቸውን ከያዙ አበቃ። እንደገባችሁ በስተቀኝ የማይክል አንጄሎ ፒዬታ አለች፤ ልጇን በጭኗ የታቀፈች እመቤታችን። በፈረንጆቹ 1972 አንድ ሰው በመዶሻ ስለጎዳት አሁን ከመስታወት ጀርባ ናት። ወደ ውስጥ ስትገፉ የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል። ቀኝ እግሩን ተሳላሚ ለዘመናት እየዳሰሰው ጣቶቹ አልቀው ሟሙተዋል። እናትሽ እዚህ ጋ ይቆያሉ፤ አታቻኩያቸው። አደባባዩ ላይ ያለው የግብፅ ኦቤሊስክ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ሲሰቀል በአካባቢው ቆሞ የነበረ ነው ይባላል። ወደ ጉልላቱ አትውጡ፤ በሊፍት ሄዳችሁም 320 ደረጃ ይቀራል።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ ከቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከኢየሩሳሌም እየተሻገሩ የመጡ የእኛ መነኮሳት በ15ኛው መቶ ዘመን ያረፉበት ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከነሱ ግእዝ ተምሮ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። የግእዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም የኖሩት እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዝም ተብሎ የሚገባበት አይደለም። ግን ታሪኩን አደባባዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብታወሩት ጥሩ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ከከተማው ግንብ ውጭ ነው፤ በዚያው በቢ መስመር ባዚሊካ ሳን ፓኦሎ ላይ ትወርዳላችሁ። መቃብሩ ከመንበሩ ስር ነው። ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ መቀመጫ ያለው ቦታ ነው። እሑድን ለሱ ስጡት።

መልስ፦ ጋይድ ነበርኩ

ስለ ፓንቴዮን፣ ስለ ጥንቱ የሮማውያን አማልክት ቤተ መቅደስ፣ በደንብ የተናገረ የለም፤ እኔ ግን ሮም ውስጥ አንድ ሕንጻ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምለው። ዛሬ የምናየው በንጉሥ ሀድሪያን ዘመን፣ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ያለቀው ነው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቀዳዳ ያለው ከፍታና የጉልላቱ ስፋት እኩል ናቸው፤ 43.3 ሜትር። ጉልላቱ ያለ አንድም የብረት ዘንግ በኮንክሪት ብቻ የተሠራ ነው። እንዴት ቆመ? ወደ ላይ ሲወጣ ኮንክሪቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ድብልቁም ከከባድ ድንጋይ ወደ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይለወጣል። መሐል አናቱ ክፍት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ይገባል፤ ወለሉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ወደ ትናንሽ የፍሳሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ቀዳዳዎቹን ፈልጊያቸው፣ ከእግርሽ ስር ናቸው።

በፈረንጆቹ 609 ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው ያልፈረሰው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ወለሉ ሜዳ ነው፣ ወንበር አለ፣ ለእናትሽ ከሁሉም ይመቻል። ከዚያ ትሬቪ በእግር ቅርብ ነው፤ በማለዳ ወይም ከእራት በኋላ ሂዱ፣ ቀን ላይ ሰው ሰው ላይ ነው።

መልስ፦ የተርሚኒዋ

አርብን አታስቢ እህቴ። ፒዛ ማሪናራ በያቸው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታም በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የሚሠራ አለ፤ አሊዮ ኤ ኦሊዮ ይባላል። አይብ ከላይ እንዳይነሰንሱበት «ሴንሳ ፎርማጆ» በይ። እንጀራ ካማራቸው ተርሚኒ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ ቧንቧዎች ቀኑን ሙሉ ይፈሳሉ፣ የሚጠጣ ነው።

የፍራንክፈርቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው የረዳችሁኝ። የዘርዓይ ደረስን ለእናቴ ሳነብላት እንባዋ መጣ፤ «መጀመሪያ እዚያ ውሰጂኝ» ብላለች። ሁለት ነገር ቀረኝ። የቫቲካን ሙዚየምን ልተወው ወይስ ሲስቲን ቻፕልን ማየት አለባት? ከአየር ማረፊያስ በምን እንግባ? ሻንጣ አለን።

መልስ፦ ጋይድ ነበርኩ

በእግር ከሆነ ተዪው። ሲስቲን የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ረጅም መንገድ አለ። ግን ሙዚየሙ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳል፤ መታወቂያ ታስይዣለሽ። እናትሽ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ካላስከፋቸው ቅዳሜ ከሰዓት ትኬት ያዢ። እሑድ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ነው። አስቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ አንዳንድ እናቶች ወንበሩን «ሽባ ሆንኩ እንዴ» ብለው እምቢ ይላሉ።

መልስ፦ ኑሮ በሮም

ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር አለ፤ 32 ደቂቃ፣ 14 ዩሮ በሰው፣ ተርሚኒ ያደርሳል። ሆቴላችሁ ከተርሚኒ ሩቅ ከሆነ ግን ነጩን የከተማ ታክሲ ያዙ። መሐል ከተማ ድረስ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ በሩ ላይ ተጽፏል፣ ከመግባታችሁ በፊት አረጋግጪ። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚላችሁን ሰው አትከተሉ። የእናትሽን ፓስፖርት ከነቪዛው ሁልጊዜ ያዢ፤ አውሮፕላን ላይም ኮሎሲየም በርም ይጠየቃል።