ለሳይንስ ክበባችን ግድግዳ ከጎንደር ምን ይለጠፍ?

የአራዳዋ ቲቸር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የክበባችን ልጆች በሕክምና ታሪክ ትልልቅ የሚባሉትን ነገሮች በዓመት ተርታ ግድግዳ ላይ ሊለጥፉ ነው። እስካሁን የሰበሰቡት ይኸው፦ የጄነር የፈንጣጣ ክትባት 1796፣ በኤተር ማደንዘዝ 1846፣ ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ያሳወቀበት 1882፣ ራጅ 1895፣ ፔኒሲሊን 1928። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ትናንት አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ እኛ ያኔ የት ነበርን?" ብላ አፋጠጠችኝ። ከኋላ አንዱ "ኮሶ ስንጠጣ!" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚሁ ከጎንደር አንድ ነገር ማስገባት እፈልጋለሁ። ለጉራ ሳይሆን እውነት የሆነ ነገር። ምን ትሉኛላችሁ?

ከግቢው ጀርባ

በኮሶው አትሳቁ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተልኮ የእነሱንም የኮሶ ትል አስወጥቷል።

ከጎንደር ግን ሁለት እንግዶች አሉልሽ። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 በስናር በኩል መጥቶ ታላቁ ኢያሱን አክሟል። ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 ሲደርስ ፈንጣጣ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ገብቶ የእቴጌ ምንትዋብን የልጅ ልጆች ይዟል። ሰውዬው የተመረቀ ሐኪም አልነበረም። ግን በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በኮምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ብሩስም በዚያው ባለሟል ሆነ። ይህ ሁሉ ከጄነር 26 ዓመት በፊት ነው።

ላብራቶሪ ነኝ

እሱ ያው የፈረንጅ ታሪክ ነው እኮ፣ ቦታው ብቻ ጎንደር ሆነ። እኔ ብሆን የደምቢያን ወባ እለጥፋለሁ። በ1953 (በፈረንጅ) ወባው 7 ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ ይባላል። በዓመቱ በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አንድ ላይ ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር የሚወጡበት ነበር። ያኔ በአገሪቱ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ የምናውቀው ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው።

ጡረተኛው ሳኒታሪያን

የምናገረውን የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ስለዚህ ስህተት ካያችሁ የእሱ ነው።

ልጄ፣ ላብራቶሪው ያለው ልክ ነው። እኔም የዚያ ኮሌጅ ልጅ ነኝ፤ ቆላድባ ጤና ጣቢያ ተለማምጄ ነው የወጣሁት። ግን ከጄነር ወረቀት ብትጀምሩ ነው የሚሻለው። ጄነር በ1796 ለአንድ የ8 ዓመት ልጅ የላም ፈንጣጣ ከተበ። እሺ። በሰሜን ተራሮች፣ በበየዳና በጃን አሞራ ያለው ልጅ መቼ ተከተበ? ፈንጣጣን የማጥፋት ፕሮግራም እኛ አገር በደንብ የተጀመረው በ1971 ነው። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኛ ተመዘገበ።

ያኔ ከደባርቅ ወደዚያ መኪና አልነበረም። በበቅሎ፣ ካልሆነም በእግር ነው። የምንይዘው ደረቅ ክትባት፣ ማሟሟያው፣ መርፌዎችና የበሽተኛ ልጅ ፎቶ ያለበት ካርድ ነው። ገበያ ላይ ቆመን ካርዱን እናሳያለን፤ "እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?" እንላለን። ገበያተኛ የማያውቀው ወሬ የለም። ሰፈሩን ከነገሩን በሽተኛውን አግኝተን ዙሪያውን ያለውን ሰው እንከትባለን። በሽታውን ያጠፋው ይህ ፍለጋና ከበባ ነው፤ ሁሉንም ሰው መከተብማ በማን አቅም!

ክርክሩ ሌላ ነበር። የእኛ አገር ሰው ክትባት አዲስ አይደለም። በየአካባቢው አዋቂ ከታቢ ነበረ። ቀለል ብሎ ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጣ አድርጎ ያስገባለታል። ስለዚህ "የኛው ይበቃናል፣ የናንተ ምን ሊጨምር?" ይሉናል። ሞኝነት አልነበረም። እንግሊዞቹም ከጄነር በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጣጣው፣ መግሉ እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ የተከተበው ሰው ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። እኛ የያዝነው ክትባት ግን እውነተኛው ፈንጣጣ የለበትም፣ እንደዚያ አይዛመትም። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ማስረዳት ዳገቱን ከመውጣት ይከብድ ነበር። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን እኛ ጋ የነበረው ፈንጣጣ ገዳይነቱ ቀላል የሆነው ዓይነት ነው። ከመቶ አንድ ሰው ቢገድል ነው። "ለዚህ ለዚህ ምን አስሮጣችሁ?" ያሉን ብዙ ናቸው።

የአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ በኦገስት 1976 ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። በተፈጥሮ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1977 መርካ፣ ሶማሊያ የነበረ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። በ1980 ጠፋ ተብሎ ታወጀ። እንግዲህ ከጄነር እስከ ኦጋዴን 180 ዓመት። እኔ ብሆን ጄነርን አላነሳም፤ ከስሩ ክር ወጥሬ 1976 ላይ አስረዋለሁ። ብሩስንም ቁስቋም ላይ ልታስገቢው ትችያለሽ፣ በሽታው ያው ነውና።

የአራዳዋ ቲቸር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ክሩን ልጆቹ ወደውታል። ኮሌጁን 1954 ላይ፣ ብሩስን 1770 ላይ እናደርጋለን። ፖንሴን ትተነዋል፤ ቦታ አልበቃንም፣ ከግቢው ጀርባ ያለኸው ይቅርታ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መርፌውን ሊስሉት ይፈልጋሉ፣ ምን ዓይነት ነበር? ደግሞስ የተከተበ ሰው በምን ይታወቃል?

ጡረተኛው ሳኒታሪያን

ቀጭን ብረት ነው፣ ከጣት ብዙም አይረዝምም። ጫፉ እንደ መንሽ ሁለት ጥርስ አለው፤ ክትባቱ ጠብ ብሎ የሚያዘው በጥርሶቹ መካከል ነው። ክንድ ላይ ቶሎ ቶሎ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ብዙ አይገባም፣ ቆዳው ትንሽ ደም ካሳየ በቂ ነው። ሲጨርሱ ቀቅለው እንደገና ይጠቀሙበታል። ሲስሉት ቀዳዳ እንዳይሠሩለት፣ ሲሪንጅ አይደለም።

ጠባሳው ክንድ ላይ ይቀራል። ልጆቹ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይዩ። የራሳቸው ክንድ ላይ ያለው ግን የቲቢ ክትባት ነው፣ እንዳያምታቱት።