የቤተሰብ መኪና ሆኖ 1.22 በ2.44 የሚጭን፦ ዳብል ካብ ነው ሃያስ?

የልደታው

ሰላም ለቤቱ። መግዛት የምችለው አንድ መኪና ብቻ ስለሆነ ሁለት ሥራ መሥራት አለበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እናቴን ሐኪም ቤት ይወስዳል። አምስት ሰው ነን፤ ትንሿ ገና በሕፃን መቀመጫ ነው የምትሄደው። ቅዳሜ ደግሞ ከተክለሃይማኖትና ከመርካቶ ኤምዲኤፍ፣ ኮምፔርሳቶ፣ አንዳንዴም ጂፕሰም ቦርድ (ሙሉው ፍሬ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው) ጭኖ አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤት ማድረስ አለበት። በአንድ ጉዞ ከ6 እስከ 10 ፍሬ፣ አብዛኛው 18 ሚሊ።

ዓይኔ ያረፈው ዳብል ካብ ሃይሉክስና ሃያስ ላይ ነው። ባለቤቴ ግን «ነዳጅ ሰልፍ ማን ይቆማል፣ ኤሌክትሪክ ገዝተን ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ ብረት) እናስገጥም» ባይ ናት። ማቆሚያዬ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው፤ ርዝመቱ 5 ሜትር ግድም። ልኬት የምታውቁ በቁጥር ንገሩኝ። «ሃይሉክስ ንጉሥ ነው» የሚለውን ከደላሎቹ ጠግቤያለሁ።

ሞራሌ

ከርዝመት አትጀምር። ሁሉም ሰው 2.44ቱን እያየ ይጨነቃል፤ መኪናውን የሚያሸንፈው ግን 1.22ቱ ነው። የተረፈ ርዝመት ወደ ኋላ ይወጣል፣ ቀይ ጨርቅ ታስርበታለህ። ወርዱ ካልገባ ግን ምንም መላ የለውም። ስለዚህ ሻጩ ጋ ስትሄድ የምትለካው በሁለቱ የኋላ ጎማ ጉብታዎች መካከል ያለውን ነው።

የዳብል ካብ ሃይሉክስ ካሶኒ (የኋላ መጫኛው) ከስፖንዳ እስከ ስፖንዳ፣ ማለትም ከጎን እስከ ጎን መከለያው፣ ሰፊ ይመስላል። ጉብታዎቹ መካከል ግን ከ110 ሴንቲ እምብዛም አይዘልም። የኢሱዙው ፒክአፕ ዲማክስም ያው ነው። ኤምዲኤፉ ወለሉ ላይ አይተኛም፣ ጉብታው ላይ ነው የሚቀመጠው። የካሶኒው ርዝመት ደግሞ 1.55 ሜትር አካባቢ ነው።

ሃያስ፣ አዲሱ ቅርጽ (አባዱላ የምንለው)፣ ጉብታዎቹ መካከል ከ1.22 በጥቂት ሴንቲ ይበልጣል። መቀመጫ የሌለው ቫን ከሆነ ከሹፌሩ ጀርባ እስከ ኋላ በር 3 ሜትር ግድም አለው። 2.44ቱ ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። ዝናብ የለ፣ ገመድ የለ፣ ቀይ ጨርቅ የለ።

አሁን ማቆሚያህን አስብ። ዳብል ካብ ሃይሉክስ ርዝመቱ ከ5.3 ሜትር አያንስም። ተራው ሃያስ 4.695 ሜትር ነው፣ ወርዱ 1.695፣ ቁመቱ 1.98። «ትልቁ» የሚባለው መኪና ከ«ትንሹ» በ60 ሴንቲ ያጥራል ማለት ነው። የምድር ቤት ማቆሚያ የምትጠቀም ከሆነ ግን 1.98 ላይ ፖርቶ መጋላ ስትጨምርበት የበሩን ከፍታ ለካ።

ካሶኒ

ሞራሌ በልኬቱ ትክክል ነው፣ በፍርዱ ግን ቸኩሏል። ዳብል ካብ አምስት ሰው በቀበቶ ያስቀምጣል፤ እዚህ አገር ያለው አብዛኛው ሃያስ ደግሞ ታክሲ ወይም የአስጎብኚ መኪና የነበረ ነው። የሚጎድለውን ወርድ በ20 ደቂቃ የእንጨት ሥራ ትሞላዋለህ። የእንጨት ባለሙያ መሆንህ ደግሞ ምን ይሠራል?

የጎማ ጉብታውን ከፍታ ለካ። በዚያው ልክ ሁለት ሞራሌ (የተሰነጠቀ ወፍራም እንጨት) በጠርዙ አቁመህ ካሶኒው ላይ አግድም አስቀምጥ፤ አንዱ ከካቢኑ 30 ሴንቲ ርቆ፣ ሌላው ከኋላ ስፖንዳው 10 ሴንቲ ቀደም ብሎ። ሦስተኛ መሃል ላይ ብትጨምር 18 ሚሊው አይረግብም፤ ለጂፕሰምና ለ3 ሚሊ ግን ከሥር አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ የግድ ነው። ወደ ኋላ 90 ሴንቲ ያህል ይወጣል። ግማሹ ከተከፈተው ስፖንዳ በላይ ስለሚሆን ከስፖንዳው ጫፍ የሚያልፈው 40 ሴንቲ አካባቢ ነው። የክብደቱ መሃል ከካቢኑ 1.22 ላይ ስለሚያርፍ ጭነቱ ካሶኒው ውስጥ ነው። የኋለኛውን ሞራሌ ከፊተኛው 1 ሴንቲ ከፍ አድርገው፣ ያኔ ስፖንዳው ላይ ምንም አያርፍም። ስፖንዳውን የያዘው ካቦ በየጉድጓዱ እየተመታ የሚበጠሰው ሰዎች ይህንን ስለሚዘሉ ነው።

ክብደት፦ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ አንዱ ፍሬ 40 ኪሎ ግድም ነው፤ ኮምፔርሳቶ ከ30 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ባለ 12.5 ሚሊ ጂፕሰም ወደ 25። 10 ፍሬ ኤምዲኤፍ 4 ኩንታል መሆኑ ነው። አምስት ሰው 3 ኩንታል ተኩል ከጨመርክበት ሊብሬው ላይ ካለው የመጫን አቅም ብዙ አይተርፍም። ባሌስትራ (የኋላ ሞላ) አስጨምር የሚልህን አትስማ። ጭነቱ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ድርቀቱን ግን እናትህ ሳምንቱን ሙሉ ትሸከመዋለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሜላሚን የተለበጠ ኤምዲኤፍ እርስ በርሱ ይንሸራተታል። ከተክለሃይማኖት ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጣ የላይኛው ከሥሩ ካለው ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይመዘዛል። በአግድም የታሰረ ገመድ ቁልቁል ይጫናል እንጂ ወደ ኋላ መሄዱን አያግድም። መፍትሔው ከኋላ ጠርዝ ላይ ሁለት ሞርሳ (የእንጨት መቆንጠጫ) አጥብቆ ሁሉንም አንድ ጥቅል ማድረግ፣ ከዚያ አንድ ቀበቶ በኋላ ጠርዙ ዞሮ ወደ ካቢኑ ጥግ ቀለበቶች እንዲስበው ማድረግ ነው። ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ ለፍራሽ ነው፤ ይለጠጣል። ራቼት ያለው ቀበቶ ግዛ፣ ሸራ ተራ አካባቢ አይጠፋም።

ቆጣቢው

የባለቤትህን ሐሳብ ማንም አልነካውም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የምታገኘው የነዳጅ መኪና በአብዛኛው እዚሁ ሲዞር የኖረ ነው። ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ኤሌክትሪክ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ችግሩ ጣሪያው ነው።

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች ሲሄዱ ጣሪያቸው የሚችለው 75 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የፖርቶ መጋላው ክብደት ጭምር። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ እየው። 5 ወይም 6 ኪሎ ለብረቱ ቀንስ፤ የቀረው አንድ 18 ሚሊ ነው። ሁለት ከጫንክ አልፈሃል። ቆሞ ብዙ ይችላል፣ ሲታጠፍና ፍሬን ሲያዝ ግን ሌላ ነው።

ነፋሱም አለ። የአንዱ ፍሬ ስፋት 3 ካሬ ሜትር ሊሞላ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የፊት ጠርዙ በትንሹ ቀና ካለ ነፋሱ በግምት በ20 ኪሎ ጉልበት ያነሣዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። 18 ሚሊው 40 ኪሎ ስለሆነ ይችለዋል፤ 3 ሚሊው ግን ክብደቱ 7 ኪሎ ብቻ ነው፣ ይበራል። ለዚህ ነው ከጣሪያ የሚወድቀው ሁልጊዜ ቀጭኑ የሆነው። የግድ ከሆነ ከፊት ጠርዙ ሁለት ገመድ ወደ ፊት መጎተቻ ቀለበት በቪ ቅርጽ ይውረድ።

የኔ ምክር፦ ሙሉውን አትጫን። ተክለሃይማኖት ከሚሸጡት ውስጥ መቁረጫ ማሽን ያላቸው አሉ። የመቁረጫ ዝርዝርህን ይዘህ ሂድ፣ እዚያው አስቆርጠህ ኤጅ ባንዱንም (የጠርዝ ልባሱን) አስለጥፈህ ውጣ። 1.22ቱን በርዝመቱ ለሁለት ስታስከፍል መጋዙ 3 ወይም 4 ሚሊ ይበላል፣ ስለዚህ ሁለቱም 60.8 ሴንቲ አካባቢ ይሆናሉ። ለወጥ ቤት ካቢኔት ጥልቀት ይበቃል። የጎን፣ የወለልና የመደርደሪያ ቁርጥራጭ መቀመጫ ሲታጠፍ ማንኛውም መኪና ውስጥ ይገባል። ሙሉ ፍሬ ሲያስፈልግህ ሚኒ ትራክ ተከራይ። የዓመቱን የኪራይ ጉዞ ቁጠርና ከሁለቱ መኪኖች የዋጋ ልዩነት ጋር አስተያየው።

የልደታው

በጣም አመሰግናለሁ። ማስቆረጡ ለካቢኔት ይሠራል፤ ለበርና ለግድግዳ ልባስ ግን ሙሉውን እፈልጋለሁ፣ እሱም በየሳምንቱ ነው። ወደ ሃያስ እያዘነበልኩ ነው። የቀረኝ ሦስት ጥያቄ ነው፦ ያለኝ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ነው፣ ያስኬዳል? መቀመጫውን እንዴት ላድርግ? ልጅና ኤምዲኤፍ አብረው ቢሄዱስ?

ሞራሌ

መንጃ ፈቃድ፦ 12 መቀመጫ ያለው ሃያስ በአውቶሞቢል አይነዳም፣ የሕዝብ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመነሻው መቀመጫው አነስተኛ የሆነውን ፈልግ። የሚኒባስ መቀመጫ ነቅለህ እንደነገሩ አትተወው፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና መኪናው ውስጥ ያለው ካልተመሳሰለ በዓመታዊ ምርመራም በኢንሹራንስም ያጨቃጭቅሃል። ኢንሹራንሱ ላይ የራስህን ዕቃ እንደምትጭንበት አስጽፍ።

መቀመጫ፦ ከሚኒባስነት የመጣ ከሆነ የኋላ መቀመጫዎቹ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ነው ያላቸው። የሕፃን መቀመጫ በዚያ በደንብ አይያዝም። ሁለተኛው ረድፍ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሆነውንና ወደ ፊት የሚታጠፈውን ዓይነት ያዝ። ያ ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚቀረው 2 ሜትር አይሞላም፤ 2.44 ለማስተኛት መታጠፍ አለበት።

ካልታጠፈልህ ማቆም ነው። 10 ፍሬ 18 ሚሊ በጠርዙ ሲቆም ውፍረቱ 18 ሴንቲ ብቻ ነው፣ ሰው ይህን አያስብም። ተራው ሃያስ ውስጡ 1.32 ሜትር ከፍታ አለው፣ 1.22ቱ ይቆማል። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው በግራ ግድግዳ በኩል አንድ መቀመጫ ይነሣ፤ ከቱቦላሬ የተበየደ ቀላል ማቆሚያ ወለሉ ላይ በነበረው የመቀመጫ ብሎን ይታሰር። ኤምዲኤፉ ወደ ግድግዳው ትንሽ ያዘንብል፣ ከላይና ከታች በቀበቶ። የኋላ በሩ መክፈቻ ከውስጡ ስለሚያንስ ስታስገባ አጋድመህ ታሳልፈዋለህ። ጂፕሰም ደግሞ እንዲያውም መቆሙን ይመርጣል።

ልጅና ኤምዲኤፍ አብረው? አይሆንም። 4 ኩንታል የሚንሸራተት ጠርዝ ከአንገት ከፍታ ላይ ነው ያለው። ሙሉ ፍሬ የጫነ መኪና ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱ ብቻ፣ እነሱም ከጀርባቸው 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ታስሮ ወይም የብረት ፍርግርግ ተበይዶ።

ካሶኒ

እሺ፣ ሃያሱን ተቀበልኩ፤ ሞተሩን ግን ዝም ብለህ አትግዛ። አዲሱ ቅርጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው 2 ኬዲ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው፣ ቪጎ ሃይሉክስ ላይም ያለው ራሱ ነው። የታወቀ ሕመሙ የኢንጀክተሩ መቀመጫ ላይ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ቀጭን የማተሚያ ቀለበት) ናት። ማተም ስታቆም የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ወፍሮ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል።

ስለዚህ ጠዋት፣ ሳይነሣ ሂድ። የሃያስ ሞተር ከፊት መቀመጫው ሥር ነው፤ ሽፋኑን በእጅህ ንካ፣ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ተመለስ። ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚያንኳኳ ድምፁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይለዝብ እንደሆነ አዳምጥ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍት ጭሱ እየተገፋ ከወጣና ከክዳኑ ሥር ጥቁር ቅርፊት ካለ ካርተሩ (ከሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ ወንፊቱ እስኪታይ ድረስ ዋጋ አትነጋገር። ከገዛህም በኋላ ሮንዴላዎቹን በአንዴ አራቱንም ቀይር።

የተንሸራታች በሩን መንኮራኩር፣ የወለሉን ዝገትም እይ፤ ምንጣፉን ግለጥ።

ቆጣቢው

አንድ ልጨምር፣ ማውረጃውን። አራት ኪሎና ፒያሳ የኮሪደር ልማቱ ካለፈ ወዲህ አስፋልት ዳር ቆሞ ማራገፍ ቅጣት ነው፤ የብስክሌት መንገዱ ላይማ አይታሰብም። መኪናው ግቢህ ድረስ የሚገባ መሆኑን፣ በሩ ስንት እንደሆነ ለካ። ካልገባ 40 ኪሎውን ሁለት ሰው በየፍሬው ከመንገድ እስከ ውስጥ ሲሸከም ቅዳሜህ አለቀ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጠርዙን በላስቲክ ጠቅልል፤ ኤምዲኤፍ ፊቱ ሜላሚን ቢሆንም ጠርዙ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ያበጠው አይመለስም።

የልደታው

ቅዳሜ ሁለት ሃያስ ላይ ነኝ። ሜትር ብቻ ይዤ ልሂድ?

ሞራሌ

ሜትር ያታልላል፤ ጉብታው ክብ ስለሆነ የቱ ጋ እንደያዝከው ይለያያል። ቀጥ ያለ ቆርኒስ (ቀጭን እንጨት) በ122 ሴንቲ ቁረጥና ያዝ። ጉብታዎቹ መካከል ወለሉ ላይ አጋድመህ ከኋላ በር እስከ ሹፌር ጀርባ ግፋው። የቀበቶ ማሰሪያ፣ የመቀመጫ ሐዲድ ወይም የኋላ ማቀዝቀዣው ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ይይዘዋል። የሚነቀል ብሎን ከሆነ ዋጋ አስቀንስበት፤ የተበየደ ብረት ከሆነ ወደ ሁለተኛው መኪና እለፍ።