ክርክር፦ ባለቤቱ ሊያቆያት ያልቻለ የፈረንጅ ውሻ ትሸጥ ወይስ በነፃ ትሰጥ?

አወያይ፦ ግቢ ባለው ኪራይ ቤት ጀርመን ሸፐርድ ያሳደገ ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ሥራው ሲዛወር ወይም ከአገር ሲወጣ ውሻው የት ይሂድ? ባሕር ዳር ውስጥ በዚህ ላይ የሚስማማ ሰው ጥቂት ነው። ከፋሲሎ ሰፈርና ከዘጌ መንገድ የመጡ ሁለት ነዋሪዎች ይከራከራሉ፤ ባለሙያዎችም ያግዟቸዋል። ለክርክር እንዲመች አንዲት ውሻ እንያዝ፦ አራት ዓመቷ፣ 30 ኪሎ፣ ጤነኛ፣ ያልመከነች። ትሸጥ ወይስ በነፃ ትሰጥ?

ከፋሲሎ፦ ትሸጥ። «በነፃ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሌሊት መጋዘን የሚያስጠብቅባት፣ ቀን በሰንሰለት የሚያስራት ሰው ነው። ዋጋው ከቡችላ ዋጋ ይነስ፤ ግን የአንድ ዓመት ክትባትና የትል መድኃኒት ከሚያስወጣው በታች አይውረድ። ያንን መክፈል የከበደው ሰው 30 ኪሎ ውሻ መቀለብም ይከብደዋል።

የዘጌ መንገድ፦ አልስማማም ወንድሜ። ያልመከነች የፈረንጅ ውሻ ዋጋ ሲቆረጥላት ቀድሞ የሚደርሰው ደላላ ነው። እሱ የሚያሰላው የምትወልዳቸውን ቡችሎች ነው። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። በየዙሩ ካስወለዳት ሁለት ዓመት ሳይሞላ አጥንቷ ይቀራል። ለሚታወቅ ቤተሰብ፣ አምክኖ፣ በነፃ መስጠት ነው የሚሻለው። «ንጹህ ዝርያ» እያሉ ዋጋ መቆለልም ልክ አይደለም። የትውልድ ወረቀት የሌላት ውሻ በመልኳ ብቻ ንጹህ አትባልም፤ ወረቀት ካላትም ባለቤትነቱ መዞር ያለበት ወረቀቱን በሰጠው ማኅበር በኩል ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ማምከኑ ላይ እስማማለሁ፤ ጊዜውን ግን ልብ በሉ። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት የማህፀኗ ደም ሥሮች ስለሚወጠሩ ቀዶ ሕክምናው ይደማል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ስፌቱ እስኪወጣ ከ10 እስከ 14 ቀን ከለመደችው ቤት አትንቀሳቀስ። አውሮፕላን ሊሳፈር ሳምንት የቀረው ሰው ይህን ማድረስ አይችልም፤ ዝግጅቱ ከአራት ወር በፊት ይጀመር።

የክትባት ካርዱ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር? ካርዱ ላይ ይጻፍ። «3/6» የሚለውን አንዱ የካቲት 3፣ ሌላው በፈረንጅ ማርች 6፣ ሌላው ጁን 3 ብሎ ያነበዋል፤ በዚህ መካከል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጊዜው ያልፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበች ውሻ ደግሞ መከላከያዋ አስተማማኝ የሚሆነው ከ21 ቀን በኋላ ነው። ሕፃናት ወዳሉበት ቤት የምትሄደው ያ ካለፈ በኋላ ይሁን።

አሠልጣኝ፦ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እየተባለ ነው ውሻ በአንድ ከሰዓት የሚረከበው። ይጮኻል፣ እውነት ነው፤ ከመጮኹ በፊት ግን ይጠፋል። ሦስት ቀን ትደናገጣለች፣ ምግብም ልትተው ትችላለች። የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ ሦስት ሳምንት፣ ለመርጋት ሦስት ወር ያህል ይፈጅባታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሩ ሲከፈት የምትሮጠው ወደ አሮጌው ሰፈሯ ነው፤ ከሽምብጥ ወደ ቀበሌ 14 ስትሻገር አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይገጫታል። ስለዚህ ግቢ ውስጥም ሳይቀር 10 ሜትር በሚሆን ገመድ ትውጣ። የቆርቆሮ አጥር ካለ ሥሩ በድንጋይ ይሞላ፤ ይህ ዝርያ ይቆፍራል።

ርክክቡ እንዲህ ነው። ተረካቢው ሁለት ሦስት ጊዜ አሮጌው ቤት መጥቶ በእጁ ያብላት፣ ማሰሪያዋን ይዞ ያንሸራሽራት። ከዚያ ባለቤቷ ራሱ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት፣ ያልታጠበ ምንጣፏንና ሳህኗን ይዞ ያድርሳት። የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥቶ በባጃጅ መላክ አደገኛ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የደነዘዘ ውሻ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ምግቡም በአንድ ጊዜ አይለወጥ። ከአዲሱ ሩብ፣ ከአሮጌው ሦስት ሩብ ተጀምሮ በሰባት ቀን ይዙር፤ አለበለዚያ ተቅማጥ ይይዛታልና ተረካቢው «በሽተኛ ሰጡኝ» ብሎ ይመልሳታል።

የዘጌ መንገድ፦ አሠልጣኝ ጥሩ አነሣህ። እኔ ለተረካቢ የማቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «በሁዳዴ ምን ትበላለች?» የሚል ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ከቤት ትራፊ ሥጋም የለም። በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የከረመች ጀርመን ሸፐርድ ፋሲካ ሲደርስ ወገቧ ይገባል። ጣና ዳር ላለን ሰዎች ግን መልስ አለው፤ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉት የአምባዛ ራስ ተቀቅሎ፣ አጥንቱና እሾሁ ተለቅሞ፣ በሩዝ ወይም በበቆሎ ገንፎ ይሰጣል። የወጥ ትራፊ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት አለ፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት ይወረወርላታል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ የበላች ውሻ አንጀቷ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ታራባለች፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ወደ ሰው ከገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያበቅላል። ሳንባው በደንብ ይቀቀል። ከርክክቡ በፊትም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የኮሶ መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊግራም ትውሰድ፤ ለ30 ኪሎ ውሻ 150 ሚሊግራም መሆኑ ነው፣ የ600 ሚሊግራሙ ፍሬ ሩብ።

ከፋሲሎ፦ ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ወጪ አይደል? ገንዘብ ያልከፈለ ሰው ያደርገዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ደግሞስ ለጥበቃ መስጠት ለምን ይነወራል? ዝርያው የሥራ ውሻ ነው።

አሠልጣኝ፦ ሥራ መስጠትና በሰንሰለት ማሰር አንድ አይደሉም። ቀን ሙሉ የታሰረ ውሻ የሚማረው ሰውን ሁሉ መፍራትና መንከስ ነው፤ ማታ ሲፈታ ዘበኛውን ራሱን ይይዛል። ዘንዘልማና መሸንቲ በኩል ደግሞ ጅብ አለ፤ ሌሊት የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም። በቀን ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ የሚያንሸራሽራት፣ ማታ የሚዘጋ የውሻ ቤት ያለው ድርጅት ካለ ግን አልቃወምም።

የሕግ ባለሙያ፦ በነፃም ሆነ በዋጋ፣ ወረቀት ሳይኖር አታስረክቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2071፣ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም። ውሻዋ በሁለተኛው ሳምንት ከአዲሱ ቤት ወጥታ ሕፃን ብትነክስ «ሰጥቻለሁ» የሚለው ቃል በምን ይረጋገጣል? አንድ ገጽ ይበቃል፦ የውሻዋ መልክና ዕድሜ፣ የክትባት ቀኖች፣ ባለቤትነቱ የተላለፈበት ቀንና ሰዓት፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ከዚህ በፊት ሰው ነክሳ ከሆነም ይጻፍ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ያ የመጨረሻው ነጥብ ለድርድር አይቀርብም። ሰው የነከሰች ውሻ 10 ቀን በአንድ ቦታ ክትትል ይደረግላታል፤ በዚያ መካከል እጅ መለወጥ ማለት የተነከሰው ሰው ሕክምና የሚመራበትን መረጃ ማጥፋት ነው። ሳትነካ ደጋግማ የምትነክስ ከሆነች ደግሞ ለማንም አትሰጥ። በሐኪም እጅ፣ ሳትሰቃይ እንድትሞት ማድረግ፣ ደብቆ ለሌላ ቤት ከማሻገር ይልቅ ኃላፊነት ነው።

የዘጌ መንገድ፦ ይህ በጣም ከባድ ነው ዶክተር፤ ግን መልስ የለኝም። ወደ ውጭ የሚሄዱትስ ይዘዋት ቢሄዱ?

የእንስሳት ሐኪም፦ ጊዜ ካላቸው ይቻላል። ለአውሮፓ ኅብረት መጀመሪያ ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ ቺፕ፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ የደም ምርመራ፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ አይቆጠርም። አሜሪካ ደግሞ ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደንቡን አጥብቃለች፤ ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከበዛባቸው አገሮች ለሚመጣ ደግሞ ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቃል።

ከፋሲሎ፦ እንግዲያው እኔም ላሻሽል። ማምከኑን እቀበላለሁ፣ ዋጋውን ግን አልተውም። ተረካቢው ቀብድ ይክፈል፤ 30 ቀን አይተናት ደኅና ከሆነች ይመለስለት።

የዘጌ መንገድ፦ በዚህ ዓይነት ከሆነ አልቃወምም። ደላላ ገንዘቡን 30 ቀን አያስርም።

የሕግ ባለሙያ፦ «ቀብድ» ብላችሁ ግን አትጻፉ። በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልሳል፤ ባለቤቷ ውሻዋ ተጎሳቁላ አግኝቶ ልውሰዳት ቢል ከፋይ የሚሆነው እሱ ነው። «ተመላሽ ማስያዣ» ተብሎ ይጻፍ፣ ገንዘቡ የማይመለስበት ምክንያት በዝርዝር ይቀመጥ፦ ክብደቷ ከ30 ኪሎ ወደ 27 ከወረደ፣ በሰንሰለት ታስራ ከተገኘች፣ የክትባት ቀኗ ካለፈ። ርክክቡ ቀን ሁለቱም ባሉበት ትመዘን፣ ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ ይግባ።