እባቤ ቆዳዋን በቁርጥራጭ ነው የምትጥለው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት። ቦል ፓይተን የምትባል የእባብ ዓይነት አለችኝ። ቆዳዋን እንደ ካልሲ ሙሉውን ማውለቅ ሲገባት በቁርጥራጭ ትጥለዋለች። ጅራቷ ጫፍ ላይ ቀለበት መስሎ የቀረም አለ። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማሞቂያው ቀን ከሌት ይሠራል። እናቴማ "ይቺን ጉድ አውጣልኝ" እንዳለች ነው፤ እሱን ተዉት።

መልስ፦ ጣጣው ከማሞቂያው ነው ወንድሜ። አየሩን ያደርቀዋል። የእርጥበት መለኪያ ግዛ። በአዘቦቱ ከ55 እስከ 60 በመቶ ይበቃል፤ ቆዳዋን ልትጥል ስትል ዓይኗ ደብዘዝ ብሎ ሰማያዊ ሲመስል ወደ 70 አድርሰው። የምትኖርበትን ሳጥን የወንፊት ክዳን ግማሹን በፕላስቲክ ሸፍን። አንድ የፕላስቲክ ዕቃ በስተህ እርጥብ ፎጣ አንጥፍበትና አስገባላት። ራሷ ፈልጋ ትገባለች። ወለሉን ግን አታጨቅየው፤ ሆዷ ይቆስላል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። የጅራቱን ቀለበት እንዳትተወው፣ ደም ይዘጋል። ለብ ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆያት፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለህ አሸው። አጠገቧ ሁን እንጂ ትተሃት አትሂድ። ዓይኗ ላይ የቀረ ካለ በጥፍርህ አትንካው!

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ዓይኗስ ጠርቷል። ፎጣው በየስንት ጊዜው ይለወጥ?

መልስ፦ ቢያንስ በየሁለት ቀኑ። ሻጋታ ካየህ ወዲያው ጣለው።