ንባቡን አዲስ አበባ፣ ዳይቪንጉን ጅቡቲ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የፓዲን ኦፕን ዎተር፣ ማለትም የጀማሪዎች የዳይቪንግ (ባሕር ጠለቃ) ኮርስ በስልኬ እያነበብኩ ነው። ካሉት አምስት ምዕራፎች ሦስቱን ጨርሻለሁ፤ ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የማጠናው። ባሕር ውስጥ የሚሠራውን ጅቡቲ ሄጄ ብጨርስስ? ዋና እችላለሁ፣ ግን ቶሎ ይደክመኛል።

መልስ፦ በርታ ወንድሜ! ፈተናውን ብታልፍም ንባቡ ብቻውን ሰርተፍኬት አያሰጥም። መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ልምምድ አለ፤ ከዚያ አራት ጊዜ ባሕር ትጠልቃለህ። 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍም ይጠበቅብሃል። ፍጥነት አይለካም፣ ስለዚህ አትጨነቅ፤ ግን ከአሁኑ ገንዳ መግባት ጀምር። የጤና ቅጹንም ዛሬውኑ እየው። እኔ አስም ስለነበረብኝ ሐኪም እስኪፈርምልኝ ጉዞዬ ተራዝሟል።

ሌላ መልስ፦ የመመለሻውን ነገር አደራ! ለብዙ ቀን ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አትብረር። እኔ 24 ነው የምጠብቀው። በባቡር እመለሳለሁ ብለህም እንዳትሸወድ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስትጠልቅ ከተነፈስከው አየር ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን የሚያሳምም አረፋ የሚሠራው ከፍ ስትል ነው።

ጠያቂው፦ ይኼን ፈጽሞ አላሰብኩትም፣ ተባረኩ። ቲኬት ገና አልቆረጥኩም፤ አንድ ቀን እጨምራለሁ። ቅዳሜ ገንዳ እገባለሁ።