የባሕር ወለል ካርታ ላይ የሚታዩት ቀጥ ያሉ መስመሮች ስንጥቅ ናቸው?

ጥልቁ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጌብኮን (የዓለምን ባሕር ወለል ካርታ የሚያዘጋጀውን ድርጅት) የጥልቀት ዳታ አውርጄ በኪውጂአይኤስ (በካርታ ሶፍትዌር) ስከፍተው፣ ሜዳ በሚመስለው ጥልቅ ወለል ላይ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የምር ስንጥቆች ናቸው? ደግሞ ተዳፋት ሳሰላ ሁሉም ቦታ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል።

ካርታ አንባቢ፦
አብዛኞቹ የመርከብ ዱካ ናቸው። መርከብ በሶናር (በድምፅ ማሚቶ ጥልቀት በሚለካ መሣሪያ) የለካችው ቦታ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ ከሳተላይት የተገመተ ስለሆነ ልስልስ ይላል። ሳተላይት ወለሉን አያይም፤ የሚለካው የባሕሩን ገጽ ከፍታ ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ያለው የባሕር ውስጥ ተራራ በስበቱ ውሃ ስለሚስብ ገጹ ከላዩ 2 ሜትር ያህል ያብጣል፤ ጥልቀቱም ከዚያ ይገመታል። ትንንሽ ኮረብቶች በዚህ መንገድ አይያዙም።

ለማጣራት ጌብኮ አብሮ የሚያቀርበውን የቲአይዲ ፋይል (የእያንዳንዱ ነጥብ ጥልቀት በምን መንገድ እንደተገኘ በቁጥር የሚናገረውን) ክፈትና መስመሩን ጠቅ አድርግ። 10 ነጠላ ጨረር ሶናር፣ 11 መልቲቢም (በአንዴ ብዙ ጨረር ወደ ግራና ቀኝ የሚልክ ሶናር)፣ 40 ከስበት የተገመተ ማለት ነው።

ዜድ፦
የተዳፋቱ ችግር ሌላ ነው። ዳታው አግድሙን በዲግሪ፣ ጥልቀቱን በሜትር ነው የያዘው፤ ሶፍትዌሩ ግን ሁለቱንም እንደ አንድ መለኪያ ይቆጥራቸዋል። መጀመሪያ ወደ ዩቲኤም (አግድሙንም በሜትር ወደሚለካ የካርታ ሥርዓት) ቀይረው፣ ዜድ ፋክተሩንም (ቁመቱ የሚባዛበትን ቁጥር) 1 ላይ ተወው። የአህጉር ተዳፋት በአማካይ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሥዕል ገደል የሚመስለው ቁመቱ ብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥ ነው። ወደ ዩቲኤም ስትቀይር ለጥልቀቱ ባይሊኒየር (የአጎራባች ነጥቦችን አማካይ የሚወስደውን) ምረጥ፤ ኒረስት (የቅርቡን ነጥብ ዋጋ እንዳለ የሚወስደውን) ከመረጥክ ተዳፋቱ ላይ አዲስ ሰንበር ይፈጠራል። ለቲአይዲ ግን ኒረስት ብቻ! የ10 እና የ40 አማካይ 25 ትርጉም የለውም።

ካርታ አንባቢ፦
አንድ ልጨምር፤ 11 ስላለ ብቻ አትመነው። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ግን ሙቀቱ፣ ጨውነቱና ግፊቱ ይለዋውጡታል። የፍጥነት ልኬቱ ከተሳሳተ የዳር ጨረሮች ይታጠፉና ጠፍጣፋው ወለል በዱካው ሁለት ጠርዝ ሽቅብ ወይም ቁልቁል የተቆለመመ ይመስላል። ከመርከቧ ጉዞ ጋር ትይዩ የሆነ ጉብታ ካየህ ጠርጥር።

እውነተኛው ስንጥቅ የባሕር መሐል የተራራ ሰንሰለቱን ወደ ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ያቋርጣል፤ ትልቅ ከሆነ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፣ ቲአይዲው 40 በሆነበትም ቦታ በስበቱ ይታያል። ያንተ መስመር 11 ሲያልቅ አብሮ የሚቋረጥ ከሆነ ዱካ ነው።