ሜዳውን ያጥለቀለቀው መንገዱ ነው ወይስ ወንዙ?

ጥያቄ (ከፎገራ ሜዳ)፦ ከወረታ ወደ ጣና ዳር በሚወርደው ሜዳ ላይ፣ ከሩዝ ማሳችን አጠገብ ከፍ ተደርጎ የተሞላ የጠጠር መንገድ ከተሠራ ወዲህ፣ ከመንገዱ በላይ ያለው ማሳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይተኛበታል፤ ከመንገዱ በታች ግን ውሃውን በመንገዱ ሥር በሚያሳልፈው ቱቦ መውጫ ፊት ለፊት ቦረቦር እየሰፋ ሄዷል። አንድ መንገድ ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላልን?

መልስ (የመንገድ ሥራ መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር)፦ ይችላል፤ ምክንያታቸውም አንድ ነው። በፎገራ የክረምት ውሃ በአንድ መስመር ሳይሆን በሰፊው ተሰራጭቶ፣ ስስ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሙሌቱ ይህን ውሃ አግዶ በጥቂት ቱቦዎች ብቻ እንዲያልፍ ስለሚያስገድደው፣ በሜዳው ስፋት ሁሉ ይበተን የነበረው ጉልበት በቱቦው መውጫ ላይ ይሰበሰባል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ደግሞ በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ ከውስጥ ይሸረሽረዋል። ያንኑ ቱቦ ማስፋት፣ በእኔ እምነት፣ ቦረቦሩን ያባብሰዋል። የሚሻለው ቱቦዎችን ማብዛት፣ መውጫቸውን በድንጋይ ማንጠፍ፣ በዝቅተኛው ቦታም ውሃው በላዩ የሚያልፍበት የድንጋይ መሻገሪያ መሥራት ነው።

መልስ (ጣና ዳር ነዋሪ)፦ ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም ሁሉንም በመንገዱ ማላከክ ተገቢ አይመስለኝም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ አፈር ጠርገው ሲወርዱ ወለላቸው በደለል ስለሚሞላ ከዳርቻቸው ይገነፍላሉ፤ የሐይቁ ከፍታም እስከ መስከረም ስለሚጨምር ውሃው ቶሎ አይጎድልም። መንገዱ ባይኖርም ፎገራ ውሃ ይተኛበት ነበር፤ ሩዝ የለመደበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ (የዓሣ ሀብት ባለሙያ)፦ የቱቦው ጉዳይ ዓሣንም ይመለከታል። በጣና ብቻ ከሚገኙት ባርበስ የተባሉ የዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት ወደ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ገባሮች ወጥተው በጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። መውጫው ተቦርቡሮ ቱቦው ከጅረቱ በላይ ከተንጠለጠለ ዓሣው ሽቅብ ማለፍ አይችልም። ለመንገድ ሥራ ከወንዝ ወለል ጠጠር የሚወሰድ ከሆነም፣ የሚወሰደው ዓሣው ዕንቁላል የሚጥልበት ቦታ ነው። አምባዛ ደግሞ በተጥለቀለቀ ሣር መካከል ስለሚራባ፣ ከሐይቁ ወደ ሜዳው የሚገባበት መንገድ ሲዘጋ ይጎዳል።

መልስ (መሐንዲሱ)፦ የጣና ዳሩ ወንድማችን ያነሱትን መለየት ይቻላል። በነሐሴ ዝናቡ ባባራበት ቀን በመንገዱ ግራና ቀኝ እንጨት ተክለው የውሃውን ከፍታ በውሃ ልክ ያመሳክሩ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ ውሃው የወንዙና የሐይቁ ነው፤ የላይኛው በግልጽ ከበለጠ ያገደው መንገዱ ነው። ልኬቱን በተለያዩ ቦታዎች ይድገሙት፤ ልዩነቱ በሚበዛበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ቱቦ እንዲቀበር ይጠይቁ።